ነፋስ የቀባው ጉንጭ

በመንዟ መሐል ሜዳ ጉንጩን ለማቅላት ገንዘብ የሚያወጣ ሰው፣ በነፃ የሚሠራለትን ባለሙያ ትቶ ደመወዝተኛ ቀጥሯል። ነፃው ባለሙያ ነፋሱ ነው። ከተማችን ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች ናትና፣ ጠዋት ዳቦ ገዝቶ ለሚመለስ ሰው እንኳ ነፋሱ ጉንጩን ሳይቀባ አያሳልፈውም። ሕፃን፣ ሽማግሌ፣ ቄስ፣ የወረዳ ሠራተኛ ብሎ አይለይም። ዋጋ አይጠራም፤ የትኛውን ልቀባሽ ብሎም አያስመርጥም። አንድ ጉድለት ብቻ አለበት፤ ጉንጭ ላይ ይጀምርና አፍንጫ ላይ ይጨርሳል።

ጉንጭ ደግሞ ለእኛ ቀላል ነገር አይደለም። የቆላ ሴት በቀሚሷ፣ በወገቧ፣ በክንዷ፣ በጫማዋ ልትታይ ትችላለች። የመንዝ ሰው ግን ከጋቢው፣ ከባናው፣ ከበርኖሱ ተርፎ ለሰው የሚያሳየው ምን አለው? ዓይን፣ አፍንጫና ጉንጭ። ዓይኑን ነፋሱ እንዳያስለቅሰው ጨፈን ያደርገዋል፤ አፍንጫውን በጋቢው ጫፍ ይሸፍነዋል፤ ሜዳ ላይ የምትቀረው ጉንጭ ናት። ስለዚህ የጉንጭ ቀለም ነገር ቅንጦት ነው የሚሉኝን ሰዎች አስቀድሜ አገራቸው የት እንደሆነ እጠይቃለሁ።

ነገሩ በደም ይሠራል። ጉንጭ የሚቀላው ከቆዳ ሥር ያሉት ቀጫጭን የደም ሥሮች ሲሰፉ ነው። ብርድ መጀመሪያ ያጠብባቸዋል፤ ሰውየው ቤት ገብቶ ምድጃ ዳር ሲቀመጥ መልሰው ይሰፋሉ። ሩጫ ያሰፋቸዋል፤ ዳገት ያሰፋቸዋል፤ እፍረት ያሰፋቸዋል፤ አረቄም ያሰፋቸዋል። ከእነዚህ ውስጥ የትኛው እንደሆነ ከሩቅ መለየት አይቻልም፤ ብዙ ባል ከሚስቱ ቁጣ የዳነው በዚህ ነው። በነገራችን ላይ የደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ተራራ ነዋሪዎች ከፍታውን የሚቋቋሙት ደማቸው ውስጥ ሄሞግሎቢን እያበዙ ነው። የእኛ ደገኞች ግን ሌላ መላ አላቸው። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣ ጥናት፣ ሰሜን ተራራ ላይ ከ3,500 ሜትር በላይ የሚኖሩ አማሮች የሄሞግሎቢን መጠናቸው በባሕር ጠረፍ ከሚኖር ሰው ብዙም እንደማይለይ አሳይቷል። የመንዝ ጉንጭ ደም በዝቶበት አይደለም የሚቀላው ማለት ነው። ደሙ ያው የሰው ሁሉ ደም ነው፤ ትርፉ የነፋሱ ነው።

በዚህ የቀለም ጉዳይ ከሰው ሁሉ የሚቀድም ጎረቤትም አለን። ከጣርማ በር ተገንጥሎ ወደ መሐል ሜዳ የሚመጣው መንገድ የጓሳን ሣራማ ደጋ ሲያቋርጥ፣ በመቀመጫው ተደላድሎ በሁለት እጁ ሣር እየነጨ የሚግጥ ጭላዳ ይታያል። ጎፈሩን ነፋስ ይበትነዋል፤ ደረቱ ላይ ደግሞ ፀጉር የሌለበት ቀይ ቆዳ አለው። ሌሎች የዝንጀሮ ዘመዶቹ ይህን መሰሉን ምልክት በስተኋላቸው ነው የሚያደርጉት። ጭላዳ ግን ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ሲግጥ ስለሚውል የኋላውን ማን ያይለታል? ማስታወቂያውን ወደ ደረቱ አዙሮታል ይላሉ አጥኚዎቹ። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ፣ ሰሜን ተራራ ላይ የተካሄደ ጥናት እንዳሳየው ሚስቶች ያሉት አውራ ጭላዳ ደረቱ ከወንደላጤዎቹ ይበልጥ ይቀላል። ሴቷም ብትሆን ወንድ የምትፈልግበት ጊዜ ሲደርስ በደረቷ ቀይ ቆዳ ዙሪያ ውሃ የቋጠሩ ትንንሽ እንክብሎች ይወጡላታል፤ ገበያ ሳትወርድ ጨሌ አሰረች ማለት ነው።

ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1872 ስለ ሰውና ስለ እንስሳት የስሜት አገላለጽ ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ በእፍረት ስለ መቅላት አንድ ሙሉ ምዕራፍ ጽፏል፤ ይህ ነገር ከስሜት መግለጫዎች ሁሉ ይልቅ የሰው ብቻ የሆነ ነው ባይ ነው። ጓሳን አላየም። ቢያይም ግን ሐሳቡን የሚቀይር አይመስለኝም፤ ጭላዳ ደረቱ የሚቀላው አፍሮ አይደለም። እንዲያውም በአካባቢው እፍረት የሚባል ነገር ጨርሶ የማያውቅ ነዋሪ ቢኖር እሱ ነው። እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነገር ነው። ያ ሁሉ ቀይ ደረቱ ላይ ተለጥፎ አንድ ቀን እንኳ «ምነው በዛበት» ያለው ሰው የለም። ከራሱ ደም የወጣ ቀለም ስለሆነ ከመልኩ ጋር አይጣላም።

እናቶቻችን ስለ ቀለም ምንም አያውቁም ነበር የሚል ደግሞ የእናቱን ድድ ልብ ብሎ አላየም። ድድ የሚነቀሰው እሱ ጠቁሮ ጥርሱን እንዲያነጣው ነው። ኩል የዓይንን ነጭ ያጎላል። እንሶስላ ሥሩ ተወቅጦ እጅና እግር ላይ ታስሮ የሚታደረው፣ መዳፍና ጥፍር ፈካ ያሉ ስለሆኑ ቀዩ እዚያ ላይ ደምቆ ስለሚታይ ነው። ጥቁሩን ከነጩ፣ ቀዩን ከፈካው አጠገብ ያስቀምጡ ነበር እንጂ ያገኙትን ቀለም ባገኙበት አይለጥፉም። የሠርግ ዘፈናችንም ሙሽራይቱን የሚጠይቃት ስለ ኩሏ ነው፤ ስለ ጉንጯ ትንፍሽ አይልም። ጉንጭን አልነኩትም። መንካትም አላስፈለጋቸውም፤ ሦስት ቀቢዎች ነበሩት፦ ነፋስ፣ ምድጃና አማት።

ዛሬ አራተኛው ቀቢ መጥቷል። ከመርካቶ ይጫናል፤ በደብረ ብርሃን አድርጎ፣ ጣርማ በር ላይ ወደ ግራ ታጥፎ፣ ከሳሙናና ከፕላስቲክ ጫማ ጋር እየተንገጫገጨ መሐል ሜዳ ይገባል። «ኮስሞቲክስ» የሚል ጽሑፍ በራቸው ላይ ያለባቸው ሱቆች ውስጥ ከፀጉር ቅባቱ ጎን ይደረደራል። የአክስቴ ልጅ ልትዳር ጥቂት ቀናት ሲቀሯት ከእነዚህ ወደ አንዱ አብሬያት ገባሁ። መብራት ሄዷል። ሻጯ ልጅ ሹራብ ላይ ጃኬት ደርባ፣ አንገቷን በፎጣ ጠምጥማ፣ የስልኳን መብራት አብርታ አንድ ጠፍጣፋ የፕላስቲክ ሣጥን ከፈተችልን። ክዳኑ ላይ ያለው መስታወት በመንገጫገጩ ተሰንጥቋል። ውስጡ አራት ቀለም ነበር፤ አንደኛው ሐመር ሮዝ፣ ሁለተኛው ሐመር ሮዝ፣ ሦስተኛው ደግሞ ከሁለቱ ፈካ ያለ ሐመር ሮዝ። አራተኛው ተሰባብሮ ዱቄቱ ሌሎቹ ላይ ተበትኗል።

«ለጠይም የሚሆነው የትኛው ነው?» አልኳት።

«ይሄ ለሁሉም ይሆናል።»

እኔ ለሁሉም የሚሆን ነገር የማውቀው ሁለት ብቻ ነው፤ ጋቢና ሞት። ሻጯ ግን ተማምና በብሩሿ ጨለፍ አድርጋ ሙሽሪትን ጉንጯ ላይ መታ መታ አደረገቻት። ስልኩን ስታስጠጋው ምንም አልታየም። ጨመረች። አሁንም ምንም። ሦስተኛ ጨመረች። ወደ ደጃፉ ብርሃን ስንወጣ ሻማ ልትገዛ የቆመች አንዲት እትዬ ሙሽሪትን ዞር ብላ አየቻት፤ አየቻትና፦

«ምነው ልጄ፣ ምድጃ ስትጠርጊ ነው የመጣሽው?» አለቻት።

«አይ እትዬ፣ ይሄ እኮ ብላሽ ነው።»

«እሱንማ አየሁት።»

እትዬ ልክ ነበረች፤ ጥፋቱ ግን የሙሽሪትም የሻጯም አይደለም። እንዲህ ያለው ርካሽ የጉንጭ ዱቄት አብዛኛው ታልክና ነጭ ቀለም ነው። ነጩ ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ይባላል፤ ዕቃው በደንቡ የተጻፈበት ከሆነ ጀርባው ላይ 77891 በሚል ቁጥር ታገኙታላችሁ። ቀዩ በውስጡ ጥቂት ነው። ነጭ ቆዳ ላይ ሲቀባ ነጩ ከነጩ ጋር ይጠፋና ቀዩ ብቻ ይቀራል፤ ያምራል። ጠይም ቆዳ ላይ ሲቀባ ተቃራኒው ይሆናል፤ ያቺ ጥቂት ቀይ ቆዳው ውስጥ ትሰምጥና ነጩ ከላይ ይንሳፈፋል። አመድ የሆነው እሱ ነው። በላዩ ላይ ቢጨምሩበት ደግሞ የሚጨመረው አመዱ ነው።

የዓለም የቀለም ፋብሪካዎች ይህን ለመረዳት ረጅም ጊዜ ወስዶባቸዋል። የሶማሊያ ተወላጇ ሞዴል ኢማን እ.ኤ.አ. በ1994 በስሟ የመዋቢያ ኩባንያ ያቋቋመችው ለጠቆረ ፊት የሚሆን ነገር ገበያው ላይ ስለተቸገረች ነው። የአዲስ አበባዋ ሞዴል ሊያ ከበደ እ.ኤ.አ. በ2003 የመዋቢያ ኩባንያው የእስቴ ሎደር የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት አስተዋዋቂ ሆነች። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ ዘፋኟ ሪሃና ፌንቲ ብዩቲ የተባለውን የመዋቢያ ኩባንያዋን ስትከፍት ፋውንዴሽኑን በ40 ዓይነት የቆዳ ቀለም አቀረበችው፤ ከዚያ ወዲህ ሌሎቹም በየተራ ቀለም መጨመር ጀመሩ። ይህ ሁሉ ሆኗል። ዜናው ግን ጣርማ በርን ሲሻገር ሐመር ሮዝ ሆኖ ነው የሚደርሰን።

እንግዲህ ምርጫው ምንድን ነው? ደንቡ የጭላዳው ደንብ ነው። የምትገዢው ቀለም አንቺ በገዛ ደምሽ ስትቀዪ የምትሆኚውን መምሰል አለበት። ይህን ለማወቅ ባለሙያ አያስፈልግም፤ ዳገት ያስፈልጋል። ፈጠን ብለሽ አንዱን ዳገት ውጪና ትንፋሽሽ ሳይመለስ ፊትሽን በመስታወት እዪ። ጥቁር ቆዳ ላይ መቅላት አይታይም ሲባል እሰማለሁ። ይታያል። ሮዝ ሆኖ ግን አይደለም፤ ሞቅ ያለ፣ ጠለቅ ያለ፣ ወደ ወይን ጠጅ የሚያደላ ቀለም ሆኖ ነው። ሱቅ ሄደሽ የምትፈልጊው ያንን ነው።

የእኛ ሰው መቼም መልክ በመለየት ማንም አይደርስበትም፤ ለልጅ ስም ሳይወጣለት መልኩ ይወጣለታል። «ቀይ ናት»፣ «ቀይ ዳማ ናት»፣ «ጠይም ናት»፣ «ጠቆር ትላለች» ተብሎ በአራስ ቤት ይወሰናል። ይህን ዕውቀት ሱቅ ድረስ ይዞ የሚሄድ ጠፋ እንጂ የጉንጭ ቀለም ለመምረጥ ከበቂ በላይ ነበር። ቀይ የሆነች ሴት የኮክ ቀለም ይሆናታል፤ ያንን ሐመር ሮዝም ቢሆን ከተቀባችው ትችለዋለች። ቀይ ዳማዋ ትንሽ ብርቱካንማ ያለበትን ብትወስድ ፊቷ ይሞቃል። ጠይሟ ወደ ሸክላና ወደ ፕሪም ትሂድ፤ ሁለቱም እንግዳ አይሆኑባትም። ጥቁሯ ደግሞ አትፍራ። ሣጥኑ ውስጥ ሲታይ የሚያስደነግጠው ቀለም፣ የቀይ ሥር ጭማቂ የመሰለው፣ ሻጮች «ይሄን ማንም አይገዛውም» ብለው ወደ ኋላ የሚገፉት፣ የእሷ ነው። በጥቁር ጉንጭ ላይ በስሱ ሲነካ እንደሱ የሚያምር የለም። እኔ እንዲያውም ያ ቀለም ለሌሎቻችን ባይሸጥ ደስ ይለኛል።

የውጭ መጽሔቶች «የክንድሽ ደም ሥር አረንጓዴ ነው ሰማያዊ?» ብለው ይጠይቃሉ፤ የቆዳሽን ውስጠ ቀለም ለመለየት ነው። ጠይም ክንድ ላይ የደም ሥሩ ራሱ አልታይ ስለሚል ብዙ አይረዳም። ወርቅና ብር ተራ በተራ ፊት አጠገብ ይዞ ማየት ይሻላል። ወርቅ ፊቷን የሚያበራላት ወደ ብርቱካንማውና ወደ ሸክላው፣ ብር የሚያበራላት ወደ ፕሪሙና ወደ ቀይ ሥሩ ታዘንብል። ሁለቱም ካማረባት መርጣ መቀባት መብቷ ነው። ወርቅ የሌላት ከጎረቤት ትዋስ፤ ለምን እንደፈለገችው ከተጠየቀች ግን እውነቱን ለማስረዳት ባትሞክር ይሻላታል።

አቀባቡም አገር ያውቃል። በይነመረብ ላይ የሚያስተምሩት ልጆች ሙቀትና ወበቅ ባለበት ከተማ ሆነው ስለሚያስተምሩ ዱቄት ይመክራሉ፤ ዱቄት ወዝ ላለበት ፊት ጥሩ ነው። የመንዝ ፊት ግን ወዙን ነፋሱ ወስዶበታል። በደረቀ፣ በተሰነጣጠቀ ቆዳ ላይ ዱቄት ሲነሰነስ ስንጥቁ ውስጥ ገብቶ ይቀመጥና የቆዳውን ካርታ ያወጣል። ለእኛ ክሬሙ ይሻላል። መጀመሪያ ፊትን ማለስለስ፤ የለመድነው ቫዝሊን ከሆነ በጣም በስሱ፣ ከዚያ ቡና ተፈልቶ አቦሉ እስኪደርስ ድረስ እንዲሰርግ መተው። ወዙ ሳይሰርግ ዱቄት የጫነችበት ሴት ጉንጯ ላይ ሊጥ ታቦካለች። ክሬሙን በጣት ነው፤ ጣት ሙቀት ስላለው ቀለሙን ያቀልጠዋል። እዚህ አገር ጣትም እስኪሞቅ መታገስ ያስፈልጋል። ዱቄት ካልሆነ አልቀባም ያለች ብሩሿን ነክራ ትርፉን ታራግፍ፤ ክሬምም ዱቄትም ካላት ክሬሙ ይቅደም፣ ዱቄቱ ይከተል።

ቦታውን ለማግኘት ፈገግ በዪ ይላሉ። ፈገግ ስትዪ ጉንጭሽ ላይ የሚነሳው ጉብታ ላይ ቀብተሽ ፈገግታሽን ስትመልሺ ግን ቀለሙ ወደ ታች ይወርዳል፤ ፊትም ያዘነ ይመስላል። ስለዚህ ከጉብታው ትንሽ ወደ ጆሮ በኩል ሸሸት ብለሽ ጀምሪና ወደ ላይ፣ ወደ ዓይን ጥግ ሳቢው። ከአፍንጫ ሁለት ጣት ራቂ። ጠርዙን እያበሱ ማጥፋት ዋናው ሥራ ነው፤ ቀለሙ የት እንደጀመረና የት እንዳለቀ የሚታይ ከሆነ ቀለም አልተቀባሽም፣ ድንበር አካለልሽ። ድንበር ደግሞ በእኛ አገር ሽማግሌ ያስቀምጣል። በስሱ ሁለቴ መቀባት በወፍራሙ አንዴ ከመቀባት ይበልጣል። መጠኑን ለመለካት ባል ያላት በባሏ ትለካው። «ትኩሳት አለሽ እንዴ?» ካለ በዝቷል። ምንም ካላለ ልክ ነው። «ዛሬ ምን ሆነሻል፣ ደህና ነሽ!» ካለ፣ ያ የመንዝ ባል የሚሰጠው የመጨረሻው አድናቆት ነውና ቀለሙን ትመዝግበው።

የሙሽራ ነገር ግን ለብቻው ነው። በጥር የሠርግ ሰሞን ከደብረ ብርሃን፣ የሞላላት ከአዲስ አበባ ሜካፕ ሠሪ ታስመጣለች። ባለሙያዋ የምትሠራው ለቪዲዮ ነው፤ የቪዲዮ ሰው መብራት ቀለም ይበላል፤ ስለዚህ አበርትታ ትቀባለች። በቪዲዮው ላይ ሙሽሪት ያማረች ትሆናለች። ችግሩ ቪዲዮው የሚታየው ከወራት በኋላ፣ አማቷ የምታያት ግን ያኔውኑ፣ በቀን ብርሃን፣ በአንድ ክንድ ርቀት ነው። በዚህ ላይ ፋውንዴሽኑ አንገቷ ላይ ሳይደርስ ካቆመ፣ ፊቷ ሌላ ቀበሌ አንገቷ ሌላ ቀበሌ ሆኖ ያርፈዋል። ለአክስቴ ልጅ እኔ የመከርኳት ቀላል ነው፤ ለአማትሽ ተቀቢ፣ የቪዲዮው ሰው መብራቱን ይቀንስልሽ። ልኳል ብላ ዓይኗን ያጠፋችውን ሴት ተረት ሁላችንም እናውቀዋለን።

ሸክላማውን ቀለም በስንት ፍለጋ አግኝተን ቤት ስንገባ ደግሞ ሌላ ጣጣ ተነሳ። ሣጥኑ ጀርባ ላይ 75470 የሚል ቁጥር አየሁና አፌን መያዝ ሲገባኝ ለቡና የተሰበሰበው ሰው ፊት ማስረዳት ጀመርኩ። ይህ ቁጥር ካርሚን ማለት ነው። ካርሚን ከተባይ የሚገኝ ቀይ ነው፤ በለስ ቁልቋል ላይ የምትኖር ኮቺኒል የምትባል ተባይ ትለቀምና ትደርቃለች፣ ከዚያም ከእሷ ቀለሙ ይወጣል። ይህችው ተባይ ለቀለሟ ተብላ ትግራይ ገብታ በኋላ የበለሱ ጠላት ሆናለች። ይህን ስናገር ያቺ የሻማዋ እትዬ ለካ የአክስቴ የቡና ጎረቤት ኖራ ስኒዋን አስቀመጠች።

«ከትል ነው በዪኛ!»

«ከተባይ፣ እትዬ።»

«ዛሬ ቀኑ ማን ነው?»

ዓርብ ነበር። ቤቱ ፀጥ አለ። እትዬ ቀጠለች፤ «እኔ በሁዳዴ አናቴን ቅቤ አስነክቼ አላውቅም። ይቺ ልጅ በዓርብ ቀን ጉንጯን በትል ትቀባለች?» ሙሽሪት ጉንጯን በነጠላዋ ትፈገፍግ ጀመር። ከመደቡ ጥግ ጋቢያቸውን ተከናንበው ዝም ብለው የነበሩት የአክስቴ የንስሐ አባት ቀና አሉ።

«ትበላዋለች እንዴ?» አሉ።

«ኧረ አትበላውም አባ።»

«ታዲያ ምን አጨቃጨቃችሁ?»

«የከንፈሩስ፣ አባ? የከንፈሩ ይበላ የለም?» አለች እትዬ፣ ልትሸነፍ አልፈለገችም።

«የከንፈሩን ለራሷ ተዉላት። ቤተ ክርስቲያን ልትሳለም ስትመጣ ግን ጠርጋው ትምጣ፤ በሩን በየሳምንቱ የምናጥበው እኛ ነን።»

ክርክሩ በዚህ ተዘጋ። ለሕሊናዋ የሚከብዳት ካለች ግን መፍትሔ አላት፤ ቁጥሩ 77491 የሆነውን ትፈልግ። እሱ የብረት ኦክሳይድ ነው፤ ቀይ አፈርን ቀይ ያደረገው ያው ነገር ነው። ነፍስ የለውም፣ ጾም አያስፈታም፣ ለጠይም ፊት የሚሆነው ሸክላማ ቀለምም አብዛኛው የሚሠራው በእሱ ነው። እትዬም ይህን ስትሰማ «አፈር ከሆነማ አፈር ነን» ብላ ሁለተኛዋን ስኒ ተቀበለች።

አንድ ነገር ብቻ ሳልቀልድ ልናገር። ብርዱ ፀሐይዋን የማታቃጥል ያስመስላታል እንጂ፣ ቆዳ የሚጎዳው የፀሐይ ጨረር በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ጉንጫችን ላይ ማድያት የሚበረታው አንዱ ምክንያት ይሄ ነው። ማድያት ያስጨነቃት ሴት ደግሞ ወደዚያው ሱቅ ሄዳ ፊት የሚያቀላ ክሬም ትጠይቃለች። ከእነዚህ ክሬሞች ውስጥ ሜርኩሪ ያለባቸው አሉ፤ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚሸጡ ስቴሮይድ ያለባቸውም አሉ። ስቴሮይዱ ለጥቂት ሳምንት ፊት ያጠራል፤ ሲቆይ ቆዳውን ያሳሳውና የደም ሥሩ ከላይ እስኪታይ ድረስ ጉንጭ ይቀላል። ያ መቅላት አይታጠብም። ለፀሐይዋ ሰፊ ባርኔጣ፣ ጥላ፣ ቢገኝ የፀሐይ መከላከያ ቅባት፣ ካልሆነም ነጠላን ወደ ግንባር ሳብ ማድረግ ይረዳል። ማድያቱ የከፋባት የቆዳ ሐኪም ትይ።

ለመሐል ሜዳ ነጋዴዎች ግን አቤቱታ አለኝ። መርካቶ ስትወርዱ ያንን ሐመር ሮዝ እዚያው ተዉትና ሸክላማውን፣ የፕሪሙን፣ የቀይ ሥሩን ጫኑልን፤ ዋጋው ያው ነው። መስታወቱንም ከጨለማው መደርደሪያ አውጥታችሁ ደጃፉ ላይ ስቀሉት፤ ሴት በስልክ መብራት ቀለም አትመርጥም። ገዢ እንደሆነ ሞልቷል፤ ጥር ሲመጣ ታዩታላችሁ።